ጥቁሩ ጠጠር

መሐንዲሱ የኮንክሪት ምርመራ ወረቀቱን እንደተቀበለ ቀጥ ብሎ ወደ መኪናው ቢሄድ ኖሮ፣ ሐሙስ አዲሱ የማጠራቀሚያ ጋን ውሃ ይሞላ፣ ቅዳሜ እሱ ይሸለም፣ የቀረውም ነገር ከጊዜ ጋር ይረሳ ነበር። ግን ሽንቱ መጣ። ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሽንት ሲመጣ ቀጠሮ አያስይዝም። የላብራቶሪው መጸዳጃ ደግሞ ከጓሮ ነው፤ ጓሮው ውስጥ የተሰበሩ ኪዩቦች ክምር አለ።

ኪዩብ የኮንክሪት ምስክር ነው። ምሰሶም ሆነ ግድግዳ ሲሞላ፣ ከዚያው ከሚፈሰው ኮንክሪት ላይ ተጨልፎ ስንዝር በማትሞላ የብረት ሻጋታ ውስጥ ይገባል። ሲጠነክር ከሻጋታው ይወጣና ሃያ ስምንት ቀን እስኪሞላው ውሃ ውስጥ ይተኛል። ከዚያ ላብራቶሪ ይሄድና ማሽን ይጫነዋል፤ ስንት ተሸክሞ እንደተሰበረ ይጻፋል። ግድግዳውን ሰብሮ የሚያይ ስለሌለ፣ ኪዩቡ በግድግዳው ፈንታ ይሰበራል።

መሐንዲሱ ስሙን ያተረፈው በኪዩብ ነው። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ኪዩብ ወድቆበት አያውቅም። ይህን ማንም ሳይጠይቀው ይናገረዋል፤ ለጀማሪ መሐንዲሶች ሥልጠና ሲሰጥም የመክፈቻ ቃሉ ናት። "ኪዩብ የሚወድቅበት መሐንዲስ" ይላል ጣቱን ቀስሮ፣ "ወይ ዓይኑ ሰንፏል፣ ወይ እጁ ረዝሟል።"

ያን ዕለት ጠዋትም የላብራቶሪዋ ኃላፊ ወረቀቱን ስትሰጠው ቀልዳ ነበር። አርባ ዓመት የሆናት፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናት።

"ኢንጂነር፣ የእርስዎ ኪዩብ አንድ ቀን ማሽኔን ይሰብርብኛል። የተጠየቀው ጥንካሬ ሠላሳ፣ የመጣው አርባ ስምንት፣ አርባ ስምንት፣ አርባ ሰባት ተኩል። ከአንድ ማህፀን የወጡ ልጆች እንኳ እንዲህ አይመሳሰሉም።"

"የእጀወርቅ እጅ ነው" አላት፤ ደስ እያለው።

እጀወርቅ ቴክኒሻኑ ነው፤ ኪዩብ የሚሞላው ሰው። ስሙ አይደለም፣ ሥራው ያወጣለት ቅጽል ነው። መሐንዲሱ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚከተለው እሱ ነበር።

ከመጸዳጃው ሲወጣ መሐንዲሱ ክምሩ አጠገብ ቆመ። ወጣት ሳለ የተሰበረ ኪዩብ ማየት ይወድ ነበር። ጥሩ ኪዩብ ሲሰበር ጎኖቹ ይረግፉና ወገቡ የቀጠነ ነገር ይቀራል፤ ሁለት ፒራሚዶች ጫፍ ለጫፍ የተሳሳሙ ይመስላል። ከወረቀቱ በቀር ስብርባሪውን ካየ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣ። በቀይ ቀለም የራሱ ሥራ ቁጥር ተጽፎበታል፤ "ግድግዳ፣ ሦስተኛ ቀለበት" ይላል። ወገቡ ቀጭን፣ አሰባበሩ ያማረ ነው።

ጠጠሩ ጥቁር ነው።

ሁለተኛውን አነሣ፤ እሱም የግድግዳ ነው፤ ጥቁር። ሦስተኛውን በእግሩ ገለበጠው፤ ከሰል የመሰለ፣ ታጥቦ የተመረጠ ጥቁር።

ጥቁሩ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ውሃ ገብቶበት ከተዘጋ አራት ወር አልፎታል። የመዝጊያውን ደብዳቤ የፈረመው ራሱ ነው። የጋኑ መሠረት በጥቁር ጠጠር ተሠራ። ግድግዳው ግን ከታች እስከ አናቱ የተሞላው ከአዲሱ ካባ በመጣ ነጭ ጠጠር ነው፤ ከካባው መዘጋት ወዲህ ጥቁር ጠጠር የጫነ አንድም መኪና በበሩ አልገባም። ሦስተኛው ቀለበት ከተሞላ ገና ሁለት ወሩ ነው። ታዲያ ይህ ኪዩብ ከየትኛው ግድግዳ ተጨለፈ?

ጣቱ ላይ የቀረው ብናኝ አስጠላው። የሞተ አይጥ በጅራቱ እንደያዘ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ስባሪውን ወደ ቢሮዋ አስገባው።

"ይህ የኛ ነው?"

"ቁጥሩ እኮ ተጽፎበታል።"

"ጥቁር ነው።"

"ጥቁር ነው" አለች፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል። "የእናንተ ሁልጊዜ ጥቁር ነው።"

"አይተሽ ዝም አልሽ?"

አሁን ቀና አለች። "እኛ የመጣልንን እንሰብራለን፣ ኢንጂነር። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች ይባላል፤ ኪዩብን ግን አባትሽ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አለ? ያመጣው የእርስዎ ሰው፣ የፈረሙበት እርስዎ። የሌላ ቢሆን እጠይቅ ነበር።"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እስከ ቤቱ ድረስ አብራው ሄደች።

*

ሚስቱ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ትጠብቀው ነበር። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች መምህር ናት፤ ጡረታ ብትወጣም ቀይ እስክሪብቶዋ ጡረታ አልወጣም። ቅዳሜ የሙያ ማኅበሩ ሲሸልመው የሚነበበውን የሥራ ታሪክ እያረመች ነው።

"ና ቁጭ በል፣ ሾርባህ ይቀዘቅዛል። እኔ እያነበብኩ አንተ ብላ።" ጉሮሮዋን ጠረገች። "አንደኛ፣ ታላቁ የወንዝ ድልድይ። ሁለተኛ፣ ባለ ስድስት ፎቁ ሆስፒታል። ሦስተኛ፣ የእህል ጎተራዎች። አራተኛ፣ የተራራው ዋሻ መንገድ። አምስተኛ፣ የገበያ አዳራሽ። ስድስተኛ፣ ተሻጋሪው መንገድ። ሰባተኛ፣ አምስት ሚሊዮን ሊትር የሚይዘው የውሃ ማጠራቀሚያ። ሰባት! ልጅ አንድ፣ ሕንጻ ሰባት። ያም ሆኖ የቤታችን ቧንቧ ያንጠባጥባል።"

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ሾርባውን አማሰለ። ማንኪያው ላይ የወጣችውን የካሮት ቁራጭ አያት፤ ጠጠር መሰለችው፤ መልሶ አሰጠማት።

"እዚህ ጋ ደግሞ ያልገባኝ አለ" አለች። "'በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ኪዩብ ወድቆበት አያውቅም' ይላል። ሰው ሲሰማው ዕቃ የማይጥል ሰው ነው የሚለው። 'ፈተናውን ያላለፈ ኪዩብ የለውም' ብል አይሻልም?"

"ይህን ማን ጻፈው?"

"አንተ ነሃ! በእጅህ ጽፈህ ሰጠኸኝ፣ ሁለት ጊዜ አስምረህበት።"

እውነት ነው። ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። የዛሬ ሳምንት ይህን ሲጽፍ ደረቱ ሞቅ ብሎት ነበር፤ አሁን ያ ሙቀት ትዝ ሲለው የሰው ላብ የነካው ልብስ እንደለበሰ ተሰማው።

"አንተ ሰው፣ አመመህ እንዴ? ሾርባው ጨው በዛበት?"

"የለም።"

"ጨው የለም ወይስ ሕመም የለም?"

ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። እጁን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበ። አፉ ውስጥ የሲሚንቶ ጣዕም አለ፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚያውቀው፣ ምላስ ላይ እንደ አመድ የሚጋገር ጣዕም። ተጉመጠመጠ፤ አልለቀቀውም።

*

በማግስቱ ማክሰኞ፣ ሠራተኛው ገና ሻይ ላይ ሳለ፣ ኮረብታው ላይ ወጣ። ጋኑ ክብ ነው፤ በአንድ ሜትር ተኩል ቀለበት እየተደራረበ የወጣ፣ አናቱ የተከደነ፣ ግድግዳው አርባ ሴንቲሜትር የሚወፍር። ከሥሩ ቁልቁል ሰፈር አለ። ቤቶቹ ተጠጋግተው ከኮረብታው ግርጌ ጀምረው እስከ አስፋልቱ ይወርዳሉ፤ ልብስ ተሰጥቷል፣ አንዲት ሴት አንሶላ ታራግፋለች፣ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ቆርቆሮ ይመታል። ሁሉም ሐሙስን እየጠበቁ ነው፤ ውሃ ይመጣል ተብለዋል።

የእጀወርቅ ክፍል ከቢሮው ጀርባ ያለች ኮንቴይነር ናት። በሯ ተከፍቷል። ሰውየው አልጋው ላይ ተቀምጦ የብረት ሻጋታዎቹን በዘይት እያሸ ነበር። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ እጁ በሻጋታ ዘይት የለሰለሰ። ሰው ፊት መሐንዲሱን "እርስዎ" ይለዋል፤ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ "አንተ" ነው።

"ምነው በጠዋቱ? ሻይ ላፍላልህ?"

መሐንዲሱ ከአልጋው እግር ሥር የወደቀች ጥቁር ጠጠር አየ፤ ተንበረከከና የአልጋውን ልብስ ገለጠ። ከሥሩ ግማሽ ማዳበሪያ ጥቁር ጠጠር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ሲሚንቶ፣ አንድ ባልዲ እና ማንኪያ የመሰለች ንጹሕ ትንሽ አካፋ ተደርድረዋል። እንደ ጥሎሽ ዕቃ የተያዘ ነው።

እጀወርቅ አልደነገጠም። ዘይት የሚቀባበትን ጨርቅ አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"እሱ ከካባው መዘጋት በፊት ያስቀረሁት ነው" አለ። "ምርጥ ድንጋይ ነው። አጥቤ ነው የማስቀምጠው።"

"ኪዩቡን በዚህ ነው የምትሞላው?"

"እንዴታ።"

"ከግድግዳው አትጨልፍም?"

"አንዳንዴ እጨልፋለሁ። ለራሴ። ምን እንደሚመስል ለማየት።" ፈገግ አለ። "ላብራቶሪ የሚሄደው ግን የኔ ነው። ሲሚንቶውን ሁለት ማንኪያ ጨመር፣ ውሃውን ቀነስ። ምን ሆነሃል ዛሬ? አዲስ ነገር እንዳየ ሰው?"

መሐንዲሱ ከተንበረከከበት ተነሣ።

"ተቋራጩ ስንት ይሰጥሃል?"

ያኔ ነው እጀወርቅ የተቆጣው። ከአልጋው ተነሣ። "አፍህን ያዝ! ከማንም አንድ ሳንቲም ተቀብዬ አላውቅም። ተቋራጩ ይህን ማወቁንም እንጃ። ለማን ብዬ እንደማደርገው ታውቃለህ። ላንተ ነው። ልጆቼን ትቼ በየበረሃው የተከተልኩህ ለማን ብዬ ነው? ስምህ እንዳይነካ ብዬ!"

"እኔ አድርግልኝ አልኩህ?"

"አላልከኝም?" ድምፁ ዝቅ አለ፤ ከመቆጣት ይልቅ አዘነ። "ድልድዩን ረሳኸው?"

መሐንዲሱ ድልድዩን አልረሳም። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው። የሁለተኛው ምሰሶ ኪዩብ ወደቀ፤ የሳይቱ ቆርቆሮ ሽንት ቤት ውስጥ ገብቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያን ያየው ሰው የለም ብሎ ነበር የሚያምነው።

"ከቆርቆሮው ማዶ እኔ ነበርኩ" አለ እጀወርቅ። "አንጀቴን በላኸው። ለሥራው ገና ጨቅላ፣ ግራ የገባህ ልጅ። ይህን ልጅ አላስበላውም አልኩ። የወደቀውን ወረቀት አጠፋሁት፤ ሌላ ኪዩብ ሞላሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንተ መጣህ፣ ባልዲውን አየኸው። ከሚክሰሩ ርቆ ለብቻው ተቀምጧል። አየኸው፣ እኔንም አየኸኝ። ምን አልከኝ?"

"አላስታውስም።"

"'ባልዲውን ፀሐይ እንዳያየው ሸፍነው' አልከኝ። እኔም 'ገባኝ' አልኩህ። አንተም ራስህን ነቀነቅህ፣ ሄድክ። ይኸው እስከ ዛሬ ሸፍኜዋለሁ።"

መሐንዲሱ የዚያን ቀኑን እርጥብ ጆንያ በዓይነ ሕሊናው አየው። አረንጓዴ መስመር የነበረው፣ ከዳር የተበሳ ጆንያ ነበር። ባልዲው ላይ ሲጣል ያወጣው የውሃ ድምፅ እንኳ ትዝ አለው። ያኔ ለራሱ የነገረው ስለ ፀሐይ ነበር፤ ፀሐይ ናሙናን ታበላሻለች፣ መጽሐፍም እንዲህ ይላል። ትክክለኛ ቃል ነበር የተናገረው። ማንም ሊከሰው በማይችል ቃል ሸፍነው ብሎ፣ ዞሮ ሄዶ፣ ከዚያ ወዲያ ኪዩብ ሲሞላ አጠገቡ ቆሞ አያውቅም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ኪዩብ በሚሞላበት ሰዓት ሁልጊዜ ሌላ ጉዳይ ነበረው።

"ሁሉም ናቸው? ሰባቱም?"

"ሁሉም ናቸው" አለ እጀወርቅ፣ እንደ ታማኝ ሰው ቀና ብሎ። "አንዱንም አላጎደልኩብህም።"

መሐንዲሱ ወጣና ከኮንቴይነሩ ጀርባ አስታወከ። እጀወርቅ ተከትሎት ወጥቶ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት፤ ያ የለሰለሰ፣ ዘይት የሚሸት እጅ። "አይዞህ፣ አይዞህ" እያለ። የሚያስጠላው ነገር ሁሉ ተሰብስቦ እዚያ መዳፍ ላይ ነበር፤ ግን እጁን ሊገፋው ኃይል አጣ፤ ሃያ ሰባት ዓመት የደገፈው ይኸው እጅ ነው።

*

የተቋራጩን ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛው "ሪባን" ይለዋል፤ ምረቃ ላይ ሪባን መቁረጥ ስለሚወድ ነው። መሐንዲሱ ሲደርስበት ለሐሙስ ምረቃ ድንኳን የሚተክሉትን ሰዎች ይቆጣ ነበር።

"ውሃው አይሞላም" አለው መሐንዲሱ። "ከግድግዳው ኮር ይወጣል። ነገ።"

ኮር ማለት ከደረቀው ኮንክሪት ውስጥ በክብ መሰርሰሪያ ተቆርጦ የሚወጣ፣ የክንድ ውፍረት ያለው ዱላ ነው። ኪዩብ ይዋሻል፤ ኮር ግን ከራሱ ከግድግዳው ሆድ ስለሚወጣ አይዋሽም።

ሪባን ሳቀ። "ጨዋታህን ወደድኩት። እንግዶቹ እኮ ተጠርተዋል።"

"አልቀለድኩም።"

"ኪዩቡ አልፏል! አርባ ስምንት! ወረቀቱ ላይ የማን ፊርማ ነው ያለው?"

"የኔ።"

"ታዲያ?" ሪባን ቀረብ አለ። "ስማኝ፣ ወንድሜ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንተ ወረቀት ይዘሃል፤ እኔም ይዣለሁ። አሁን አንተ ተነሥተህ ጤነኛ ግድግዳ ትበሳለህ? በሽታ የሌለበት ሰው ምርመራ ከሄደ አንድ ነገር ይገኝበታል። ደግሞ ቅዳሜ አይደል እንዴ የምትሸለመው? አንድ ኮር ካወጣህ ነገ ሰው ምን ይላል? የሌሎቹስ ይላል። የድልድዩስ፣ የሆስፒታሉስ ይላል። ለኔ ብዬ አይደለም፣ ላንተ ነው።"

ላንተ ነው። በአንድ ጠዋት ሁለተኛ ጊዜው። መሐንዲሱ ሪባንን ተመለከተው፤ ሰውየው የተናገረው ሐሰት አልነበረም፣ ያ ነበር አስቀያሚው። ጋኑን የነካ ሰው ሰባቱንም ይነካል። ዝም ቢል ከግርጌ ያለችው ሴት አንሶላዋን ታራግፋለች፣ ምናልባት ለሠላሳ ዓመት ምንም ሳይሆን። ምናልባት።

"በነጭ ጠጠር ነው የተሞላው፣ አይደል?" አለው።

"ምኑ?"

"ግድግዳው።"

"ነጭ ነው፣ አዎ። ራስህ አይደለህ ጥቁሩን የዘጋኸው?"

"ኪዩቡ ጥቁር ነው።"

ሪባን አፉን ከፈተና ዘጋ። ከዚያ ሰው እንዳልሰማ ዙሪያውን አየና "እና ማን ያውቃል?" አለ።

መሐንዲሱ ቢሮ ገብቶ የማገጃ ደብዳቤውን ጻፈ። ሦስት መስመር ነች። ፈረመባትና ማኅተሙን አሳረፈ፤ ጠማማ ወጣ።

*

ረቡዕ ረፋዱ ላይ የላብራቶሪዋ ኃላፊ መሰርሰሪያውንና አንድ ኦፕሬተር ይዛ መጣች። ድንኳኑ ግማሹ ተተክሎ ግማሹ መሬት ላይ ተጣጥፎ ቀርቷል። ሪባን በስልክ ከሩቅ ይጮኻል። ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ፣ በተገለበጠ ጋሪና በብሎኬት ላይ ተቀምጦ ያያል።

"ኢንጂነር የገዛ ግድግዳውን ሊበሳ ነው" አለ አንድ አናጺ።

"ጥርስ ነቀላ ነው" አለ ሌላው። "ሲነቀል ነው ማሽተቱ የሚታወቀው።"

እጀወርቅ ማንም ሳይጠራው መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል። መሰርሰሪያው እንዳይግል ውሃ የሚያጠጣ ሰው ስለሚያስፈልግ ጎማውን አንሥቶ ያዘ። መሐንዲሱ አየው፤ ሂድ ሊለው ፈለገ፤ ግን ይህን ሰው ማባረር የራሱን ጥላ እንደመርገጥ ሆነበት።

ኃላፊዋ በመሣሪያ ብረቱ የሌለበትን ቦታ ፈልጋ በጠመኔ ሁለት ክብ ሠራች፤ አንዱን ከሁለተኛው ቀለበት፣ አንዱን ከሦስተኛው። ማሽኑ ጮኸ። ግራጫ ውሃ በግድግዳው ላይ ወረደ፤ እንደ ንፍጥ እየተጎተተ ወደ ጫማቸው መጣ።

የመጀመሪያው ኮር ሙሉ ወጣ። ልሙጥ ነው፤ አርባ ሴንቲሜትር፣ ነጭ ጠጠሩ እንደ ጥርስ ተደርድሮ፣ ቀዳዳ የለበትም። ኃላፊዋ በጥፍሯ መታችው፤ ጠንከር ያለ ድምፅ ሰጠ። ከተቀመጡት መሃል አንዱ አጨበጨበ። ሪባን ስልኩን ዘግቶ "አላልኳችሁም?" እያለ ቀረበ።

መሐንዲሱ ማስታገሻ እንደዋጠ ሰው ትከሻው ለቀቀው። ካላስፈለገ ለምን ዋሸን ብሎ አሰበ፤ ጥሩ ኮንክሪት ላይ ለምን የሐሰት ምስክር አቆምን? ያም አስጠላው።

ሁለተኛው ሲሰረሰር ድምፁ ገና መሃል ሳይደርስ ተለወጠ። መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ባዶ ነገር እንደሚቆርጥ ላላ። ኦፕሬተሩ አቁሞ ሲያወጣው ኮሩ ሦስት ቦታ ተቆራርጦ ነበር። ጠጠሮቹ እርስ በርስ አልተያያዙም፤ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ባዶ ቦታ አለ። አንደኛው ክፍተት ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ተሸጉጧል፤ ወረቀቱ ላይ የፋብሪካው ፊደል እንኳ ይነበባል። ጠጠሩን በእጁ ሲነካው ረገፈ። ከቀዳዳው የሻገተ እርጥበት ሸተተ።

አናጺው ከተቀመጠበት ተነሣ። ሪባን መጀመሪያ ወደ ጋኑ፣ ቀጥሎ ቁልቁል ወደ ሰፈሩ አየና ወደ መኪናው ሄደ። ድንኳን ተካዮቹ ያለ ትእዛዝ ካስማቸውን መንቀል ጀመሩ።

ኃላፊዋ የናሙና ሣጥኑን ለማምጣት ወደ መኪናዋ ስትሄድ እጀወርቅ ጎማውን እንደያዘ ጠጋ አለ። ትንፋሹ የመሐንዲሱን ጆሮ ነካው።

"ስማኝ። የመጀመሪያውን እንቁረጠው። ለሁለት። አንድና ሁለት ብለን እንላክላቸው። ይህን የበሰበሰ እኔ እጥለዋለሁ፤ ያዩትም ቢሆን የሚሰብሩት የመጣላቸውን ነው።"

መሐንዲሱን ያስጠላው የሰውየው ቃል አልነበረም። ገና ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሳያልቅ የራሱ አእምሮ ማስላቱ ነው። አርባ ሴንቲሜትር፤ አሥራ አምስት ለአንዱ፣ አሥራ አምስት ለሌላው፤ ለመጋዙም ለጫፉም አሥር ይተርፋል። ይበቃል። ልኬቱ ይበቃል። ሃያ ሰባት ዓመት ያካበተው ሙያ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የደረሰበት እዚያ ነበር፤ ዓይኖቹም የቆሻሻ መጣያ በርሜሉ የት እንዳለ ፈልገው አግኝተውታል።

እጁ ላይ ያለውን የረገፈ ጠጠር ጨበጠው፤ ጫፉ መዳፉን ወጋው።

"ጎማውን አስቀምጥ" አለው።

"እኔ ላንተ ብዬ..."

"አውቃለሁ። አስቀምጠው። ከዛሬ ወዲያ ለኔ ብለህ ምንም አታድርግ። የምትጠየቀውን ብቻ ትናገራለህ፤ ባልዲውንም፣ ሸፍነው ያልኩህንም፣ ሁሉንም።"

እጀወርቅ ጎማውን ለቀቀው። ውሃው እግሮቻቸው መሃል ፈሰሰ። ሽማግሌው ድንገት ያረጀ መሰለ፤ ንጹሕ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋበት።

ኃላፊዋ ሣጥኑን ይዛ ተመለሰች። መሐንዲሱ ቀይ ማርከሯን ተቀብሎ ለኮሮቹ ራሱ ቁጥር ሰጠ፤ በሙሉው ላይ አንድ፣ በሦስቱ ስብርባሪ ላይ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ብሎ ጻፈ። የከረጢቱን ቁራጭ ሳይነካ እንደተሸጎጠ ተወው። ከዚያ ከኮቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የሚስቱ ቀይ እርማት ያለበት የሥራ ታሪኩ ነው። ጠዋት ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሣው "ንግግሩን ልትለማመድ ነው?" ብላው ነበር፤ እሱም አዎ ብሏት ወጣ። ይህ ውሸትም ቀን ሳይመሽ ይነገራታል።

ወረቀቱን መኪናዋ ላይ ዘርግቶ ስለ ኪዩቦቹ የምትለውን መስመር ሰረዛት። ሁለት ጊዜ አስምሮባት ስለነበር ሁለት ጊዜ ሰረዛት። "የተከበሩ መሐንዲስ የሥራ ታሪክ" የሚለውን ርእስ አጥፍቶ ከላዩ "በሐሰተኛ ኪዩብ ያለፉ፤ ኮር እንዲወጣባቸው የምጠይቅ" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ፈረመ። ከድልድዩ እስከ ጋኑ ሰባቱም እንዳሉ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ቅደም ተከተላቸውም አልተለወጠም።

ኃላፊዋ ወስዳ አነበበች። ጣቷ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ።

"ሆስፒታሉ" አለች። "ሁለቱንም ልጆቼን እዚያ ነው የወለድኩት። አራተኛ ፎቅ።" ቀና አለች። "እህቴ እዚያ ነርስ ናት። ዛሬም ተረኛ ናት።"

መሐንዲሱ ዓይኗን ማየት አልቻለም። አፉ ውስጥ ያ የሲሚንቶ ጣዕም አሁንም አለ።

"እንግዲያው ከሱ ጀምሪ" አለ።